ጠጠሬን ያወቀው ደንብ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ የጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ ሴት ነኝ፣ ፊደል ባልቆጥርም ቅዠትና እውነት አይምታታብኝም፤ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሄለን ምስክሬ ናት።

ሰበታ ወንዱ ልጄ ዘንድ፣ ሱሉልታ ሴቷ ዘንድ እዞራለሁ እንጂ ቤቴ ቡራዩ ነው። ከወንዙ ማዶ አንድ ወይራ አለ፣ ክርስትና ሳትነሳ የሞተችብኝን ልጅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አትቀበርም ስንባል ከሥሩ አሳረፍናት፤ ቡራዩ ባደርኩ ቁጥር ጠዋት ጠዋት አንድ ጠጠር አኖርላታለሁ፣ ይህን ከሟቹ ባሌ በቀር ያወቀ የለም፣ ለሄለን እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ መሬት ደንብ ተወያዩ ተብለን አዳራሽ ተጠራን። ሄለን የምትሠራው እዚያው ጽሕፈት ቤት ነውና ረቂቁን ታነብልን ጀመር፣ ያልተመዘገበ የእግር መንገድ ይዘጋል፣ ወይራው ያለበትም ይታጠራል ስትል ቆይታ መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል አነበበች፦

"ይህ ደንብ የሚጸናው ከወይራው ሥር ጠጠር የምታኖረው እናት መምጣት ካቆመችበት ቀን ጀምሮ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም፣ እመኑኝ።

"ማነው ይህን የጻፈው?" አሉ ኃላፊው ኦቦ ገመቹ።

"ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ነው ያረቀቀው፣ ኮምፒውተሩ፤ ትናንት ሳነበው ግን ይህ አልነበረም።"

"አጥፊውና እንደገና ይታተም!"

ከጎን ካለው ክፍል ፕሪንተሩ ሲያቃስት ተሰማን፣ ወረቀቱ መጣ፣ ያው ቃል። ሦስተኛ ጊዜ ሲደገም የሚስቅ ጠፋ።

ተነሳሁ። "እናትየዋ እኔ ነኝ።"

"አዴ በላይነሽ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ የማሽን ስህተት ነው" አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

"ስህተት ከሆነ ጠጠሬን በምን አወቀው? እናንተ ደጄ መጥታችሁ አልጠየቃችሁኝ፣ እሱም አልጠየቀኝ! ሞቴን የሚጠብቅ ከሆነ ይጠብቅ፣ እግሬ እስካለ አልቀርም!"

"በሉ እማማን በደንብ እንቀልብ፣ መንገዳችን እንዳይዘጋ!" አለ አንዱ ከኋላ።

ከዚያ ወዲህ መዞሬን ተውኩ፣ አንድም ጠዋት አልቀረሁም። በቀደም ግን የሰበታው ልጄ ታሞ ሦስት ቀን ቆየሁ፣ ስመለስ ከታክሲ ወርጄ ቤቴ እንኳ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ወይራው ሄድኩ። አጥር የለም። ከሥሩ ግን ሦስት አዲስ ጠጠሮች ተደርድረዋል፣ እንደኔዎቹ ከወንዙ የተለቀሙ፣ ገና ውሃው ያልደረቀላቸው።

ሄለን "እኔ አይደለሁም" ትላለች፣ አሁንም እየጻፈች ራሷን ትነቀንቃለች።

አልነካኋቸውም። አራተኛውን ከጎናቸው አኖርኩና "ይኸው፣ አልቀረሁም!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ለማን እንዳልኩት ግን እስካሁን አላውቅም።