ሳህኑ ላይ የቀረው ድር

ስንዱ ዘወትር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ትገባና ጓንቷን አጥልቃ የማሞቂያውን ሳጥን ትከፍታለች። ውስጡ ከወንድሟ ከይርዳው ኩላሊት በመርፌ ተወስደው በመስታወት ሳህን ላይ ያሳደገቻቸው ሴሎች አሉ። ሴሎቹ እንደ ሸረሪት ከሥራቸው ቀጭን ድር ያደራሉ። ድሩ ለጤነኛ ኩላሊት መደገፊያ ነው፤ ሲበዛ ግን ያንቀዋል። የይርዳውን ኩላሊቶች ያነቃቸውም እሱው ነበር። ሽመናውን የሚያስቆም መድኃኒት ካላገኘች ወንድሟን ትቀብራለች።

ሴሎቹ የሚመገቡት፣ ሴረም የሚሉት የጥጃ ደም ፈሳሽ አለቀ፤ ከውጭ የታዘዘውም የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ከገዛ ክንዷ ደም ቀዳች፣ እስኪረጋ ጠበቀች፣ ከላይ የጠለለውን ቢጫ ፈሳሽ አበላቻቸው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ስትከፍት የሞቀ የሽንት ሽታ ተቀበላት፤ ጆሮዋን ስታስጠጋም እርጥብ ጨርቅ ቀስ ብሎ ሲወጠር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማች። ድሩ በዓይን እስኪታይ ወፍሯል። ሊመዘን የሚችለው ብቻውን ሲቀር ነውና፣ እንደ ሥራው ደንብ አራት ሰዓት ላይ ሴሎቹን በአሞኒያ አሟሙታ አጠበቻቸው። በማይክሮስኮፕ አየች። በሕይወት ያለ አንድም ሴል የለም፤ ባዶ ድር ብቻ።

በማግስቱ ድሩ እጥፍ ሆኖ ጠበቃት።

ልትደፋው ስትል ስልኳ ጮኸ።

«ስንድዬ፣ ሽንቴ መጣ!» ይርዳው ነበር፤ ያለቅሳል። «እብጠቱም ጎደለ። ሐኪሞቹ የኩላሊት እጥበቱ ለዛሬ ይቅር አሉኝ።»

«ተመስገን! ተመስገን!»

«ትናንት እኮ አራት ሰዓት ላይ ትንፋሽህ ቆሞ ነበር ይሉኛል። እኔስ ምንም አልታወቀኝ።»

ስንዱ ሳህኑን ወደ ቦታው መለሰችው። ፈራች፤ ወንድሟን ማጣቱን ግን ከዚያ በላይ ፈራች። አምላኬ ይቅር በለኝ አለችና ደሟን ቀዳች፤ በየቀኑም ቀዳች። እሷ ከሳች፣ ዓይኗ ጎደጎደ። ድሩ የሳህኑን ጠርዝ አልፎ ወጣ፣ ይርዳውም ቆሞ ሄደ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቷ መጣ። ፊቱ ጠርቷል፤ ስትስመው ግን ጉንጩ ቀዝቃዛና ውጥር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የተከለከለውን ጨው ያለው የበግ ቅቅል አቀረበችለትና ሲበላ ልታይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ይርዳው ትሪውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«ራበኝ፣ ስንድዬ» አለና እጅጌዋን በርኅራኄ ወደ ላይ ሰበሰበላት።