የቆፈን በር አርባዎቹ

የአስካለት አባት በተቀበሩበት ቀን፣ ከተራራው ማለፊያ ከቆፈን በር አናት ላይ የተቀመጠው ጥቁር ቋጥኝ ነጣ። የሰልማዝ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል፤ ቋጥኙ ሲነጣ ከበረዶው አገር ሐመዳ ወርዷል ማለት ነው። ለቀስተኛው ንፍሮውን እየጣለ ወደየቤቱ ሮጠ። አስካለት ብቻ ከመቃብሩ አፋፍ ቆማ ወደ ተራራው አየች። ሌላው ሞቱን ባየበት እሷ ተስፋ አየችበት፤ በዚህም አፈረች።

ከሠላሳ ዓመት በፊት አርባ ሰዎች ያንን በር ሰባት ቀን ይዘው ሐመዳዎችን መልሰው ነበር። ሐመዳ በሬ የሚያህል የውርጭ አውሬ ነው፤ የሰው ድምፅ ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ አርባዎቹ ሳይፎክሩ ተዋጉ፤ ወንድማቸው ሲወድቅም ድምፅ አውጥተው አላለቀሱም። የተገደለው ሐመዳ ደግሞ ፀሐይ ሲነካው ውኃ ሆኖ ይቀራል። በሰልማዝ ሕግ ኒሻን የሚሻ ጀግና ግዳዩን ከዙፋኑ ፊት ይጥላል፤ ግዳዩ ምንጣፉ ላይ እስካለ ድረስ የተጠራ ስም ሁሉ በኒሻን መዝገብ ይሰፍራል። ከአርባዎቹ የተረፉት ባዶ እጃቸውን ወረዱ። ኒሻን ቤቱም ሐመዳ የሚባል አውሬ የለም፣ ይህ ብርድ የመታቸው ሰዎች ቅዠት ነው ብሎ አሰናበታቸው። ከአርባዎቹ አንዱ የነበሩት አባቷ በየዓመቱ አቤት አሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ አቤቱታውን የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ አርባውን ስም በቃሏ ያወቀችውም ያኔ ነው።

ከአርባዎቹ በሕይወት የቀሩት አባ ሞገድ ብቻ ነበሩ። አስካለት ከደጃቸው ስትደርስ ጦራቸውን እየሳሉ አገኘቻቸው።

«አባትሽ ሳይሞት ቢመጣ ምን ነበረበት?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይሄ አውሬ ድሮም ቀጠሮ አያውቅም።»

የአውሬውን ቀንድ ቆርጣ ለግዳይ ለንጉሡ እንደምታመጣ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም ነበር። በጨው አሽተው፣ በገለባ ሸፍነው፣ በቆዳ ጠቅልለው እንደሞከሩት፣ ሁሉም ከተራራው ግማሽ ሳይደርስ እንደቀለጠ አጫወቷት። ከንቱ ድካም ነው አሉ። ከንቱ ነው ባሉበት አፋቸው በቅሎዋን ጭኚ አሏት።

ሦስት ቀን ወጡ። በሦስተኛው ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ አውሬው ከበሩ መካከል ተኝቶ ነበር፤ ቆዳው እንደ ብርጭቆ ያንጸባርቃል፤ ከግንባሩ አንድ ቀንድ ወጥቷል። አባ ሞገድ ከኋላው እንድትዞር በእጃቸው አመለከቷት። ከዚያ ከቋጥኙ ላይ ቆመው ሠላሳ ዓመት ከጉሮሯቸው የታፈነውን ፉከራ ለቀቁት፦

«እኔ የቆፈን በር ዘበኛ፣ ዝም ብሎ ገዳይ! ና ውጠኝ፣ አንተ የበረዶ ጥጃ!»

ሐመዳው ወደ ድምፁ ዘለለ። አስካለት ከጎኑ ገብታ የተሳለውን ጦር ከብብቱ ሥር እስከ እጀታው ሰደደችው። አውሬው ሽማግሌውን በደረቱ ደፍጥጦ ወደቀ።

ጎትታ ስታወጣቸው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ አቅቷቸዋል። ቀንዱን ቆረጠችው፤ በመዳፏ ወዲያው ማላብ ጀመረ። ያኔ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው። የሞቀ እጅ ነው የሚያቀልጠው። የእኔ እየቀዘቀዘ ነው።»

«አባ፣ እሳት ላንድድልዎ፣ ይድናሉ።»

«እሳቱ እኔን አድኖ ቀንዱን ይገድለዋል። አንዳችንን ምረጪ ብልሽ አትመርጪም፤ ስለዚህ እኔ መርጫለሁ።»

ቀንዱን ከእጇ ወስደው ጨበጡት። ውርጩ በጣቶቻቸው ወደ ክንዳቸው ሲወጣ እያየች፣ እሳት ሳታነድድ፣ ከጎናቸው ተቀመጠች። እንደ አርባዎቹ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሬሳቸውን በበቅሎዋ ጭና፣ በረዶ እየጠቀጠቀችበት ወረደች።

በግቢው አጋፋሪ መርዕድ ሬሳ ወደ ዙፋን ቤት አይገባም ብሎ ከለከላት። ንጉሡ ግን ከሰገነታቸው ሆነው ያንን የነጣ ጭብጥ አይተው አስገቡ አሉ። አጋፋሪው ሕጉን አነበበ፤ ግዳይ ከእጅ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ መጣል አለበት። አስካለት የአባ ሞገድን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች። ቀንዱ ወደቀ፤ ምንጣፉም ይረጥብ ጀመር።

ስሞቹን መጥራት ያዘች። በሰልማዝ ምስክር የራሱን ሰው አያስቀድምም፤ የሌላውን ሟች ጠርቶ ሲጨርስ ብቻ የራሱን ይጠራል። አሥረኛው ሲጻፍ ቀንዱ ግማሽ ሆነ። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ በነከረ ቁጥር ወደ ቀንዱ ታያለች። ሠላሳኛው ላይ የጣት ያህል ቀረ። ሠላሳ አምስተኛው ላይ የአባቷ ስም ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ከጀርባዋ የሟቾቹ ሚስቶችና ልጆች ቆመዋል። አንዲት አሮጊት የባሏን ስም በከንፈሯ ብቻ ትደጋግማለች። አስካለት የአሮጊቷን ባል ስም ጠራች። ከዚያም የቀጣዩን። ሠላሳ ዘጠነኛው ሲጻፍ አንዲት ጠብታ ብቻ ነበረች።

«አርባኛው…» አለች።

«ግዳዩ የለም» አለ አጋፋሪው። ጸሐፊውም ብዕሩን አስቀመጠ።

ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሥተው ለሠላሳ ዘጠኙ እጅ ነሡ። አደባባዩ በእልልታ ተናወጠ፤ አሮጊቷ ኒሻኑን ጉንጯ ላይ ለጥፋ ወጣች።

እናቷ ከቤታቸው ደጅ ጠበቋት። ባዶ እጇን አይተው ብዙ አልጠየቁም።

«አባትሽን ስንተኛ ላይ ጠራሻቸው?»

«መጨረሻ፣ እማዬ።»

«ሌላ ብታደርጊ ኖሮ እሳቸው ራሳቸው ይቆጡሽ ነበር» አሉና ወደ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ።

አስካለት የእናቷ ልቅሶ እስኪበርድ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ኒሻን ቤቱ ግዳይ ለሌለው ምን እንደሚመልስ ከማንም በላይ ታውቃለች። ወረቀት ዘርግታ «ለኒሻን ቤት» ብላ ጀመረች፤ ከሥሩም አንድ ስም ብቻ ጻፈች።