የምንዋጋው ብቸኛ ሽንፈት

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት የቴኒስ ተጫዋቹ የምንዋጋው ሬሳ ከሰቆጣ ቴኒስ ሜዳ በታች ካለው ገደል ሲወጣ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው ተገጥመው ነበር። የፖሊሱ ሻምበል ደርቤ ጎንበስ ብሎ የሬሳውን መዳፍ ገለጠ፤ ቆዳው ውሃ ቋጥሯል።

«ቅንጭብ ነው» አለ። የቅንጭብ ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ በዋግ የማያውቅ የለም፤ የሜዳው አጥር ራሱ ቅንጭብ ነው።

አጥሩን የሚከረክመው የሜዳው ጠባቂ ሽማግሌው ጓንጉል ታስሯል። ሟች ባለፈው ሳምንት በጥፊ መትቶታል፤ የጓንጉልም መዳፍ ውሃ ቋጥሯል። ፖሊሶቹ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው የስቅላቱን ወሬ ጀምረዋል። ደርቤ ግን «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ባይ ነውና ወደ ትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ወደ ተስፋው ሄደ።

«ምንዋጋው ጎበዝ ተጫዋች ነበር?»

«ጎበዝ? አዲስ አበባ በደመወዝ ሲጫወት የኖረ ሰው! እዚህ ከመጣ ወዲህ እኔንም የጤና ጣቢያውን ድሬሰር በዛብህንም ሲያሸንፈን እንጂ ሲሸነፍ አላየሁም። ትናንት ግን በዛብህ አሸነፈው። እሱን ያሸነፈ ደሴ ሄዶ ይወዳደራል፤ እዚያው የመዛወር ዕድል አለው።»

«በምን ተአምር አሸነፈው?»

«ዓይኑን እያሸ ኳሷን ይስታት ነበር። አረጀ ብለን ሳቅንበት፤ አፈር በበላሁ!»

«ሲጨርሱ ተጨባበጡ?»

«በዛብህ የእጁን አንጓ ሰጠው።»

«እጁ ቆሽሾ ነበር?»

«ኧረ! እኔን በመዳፉ ነው የጨበጠኝ። ከዚያ እኔ ቀድሜ ሄድኩ።»

«የምንዋጋውን ራኬትስ ማን አነሳው?»

«ምንዋጋው ሲጥለው ጓንጉል እጀታውን ይዞ አነሳው።»

ከሰዓት በኋላ ደርቤ ሁሉንም ሜዳው ላይ ሰበሰበ። ጓንጉል እጁ በገመድ ታስሮ መጣ።

«ጌታዬ፣ እኔ ምን በወጣኝ!»

«አውቃለሁ፣ አያ ጓንጉል። እጀታውን ቅንጭብ የቀቡት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ በባዶ እጅዎ ባላነሱት። ተሸንፎ የማያውቅ ሰው የተሸነፈው ላቡን በጠረገ ቁጥር ዓይኑን በመርዝ ስለሚያሸው ነው። እንግዲህ እጀታው የተቀባው ከጨዋታው በፊት ነው፤ የቀባውም ማሸነፍ የፈለገ ሰው። በዛብህ፣ እጅጌህን ሰብስብ።»

በዛብህ አልተንቀሳቀሰም። ደርቤ ራሱ ሰበሰበለት። አንጓው ላይ የሰው ጣቶች ያረፉበት ቦታ ሁሉ ውሃ ቋጥሯል።

«ንጹሕ እጅ ይዘህ አንጓህን የሰጠኸው መዳፉ ላይ ያለውን ስለምታውቅ ነው። ጣቶችህን አዳንክ፤ እሱ ግን አንጓህን ጨበጠ።»

«ልገድለው ብዬ አይደለም!» በዛብህ አለቀሰ። «ዝውውር ብለምን ብለምን የሚሰማኝ አጣሁ። አንዴ ብቻ እንዲሸነፍልኝ ነው።»

«በገደሉ በኩል እየዳበሰ ሲሄድ አላየኸውም?»

«አየሁት።»

«ታዲያ እጁን ይዘህ አታሻግረውም ነበር?»

በዛብህ ውሃ የቋጠረ አንጓውን ተመለከተ።

«እጁን እንዴት ልያዘው?» አለ።

ደርቤ ገመዱን ከጓንጉል እጅ ፈቶ በዛብህን አሰረበት።