የባልቻ ስም በዲላ አደባባይ

ጥቅምት ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. የዘውድ በዓል ሲከበር የዲላ አደባባይ ከረፋዱ ጀምሮ በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ ቡና ለቃሚው ከዱመርሶና ከኢዲዶ ቅርጫቱን ጥሎ መጥቷል፤ ባላባቱም ካባውን ደርቦ ከሳንቃው መድረክ ፊት ተሰይሟል። ከድምፅ ማጉያው አጠገብ የተቀመጠው ሬዲዮ ጠጋኝ ገሪማ ግን ደሙ ይፈላ ነበር።

ያናደደው ፊታውራሪ ተክለጻድቅ፣ የበዓሉ አዛዥና የብዙ ጋሻ መሬት ጌታ፣ በማለዳ ጠርተው የሰጡት ትእዛዝ ነው። የዱመርሶዋ ዘፋኝ ጥሩብርሃን ከውዳሴው በኋላ፣ በ፲፱፻፶፪ቱ የባላባትና የጭሰኛ ጠብ የተገደለውን ወንድሟን ባልቻን በስሙ ጠርታ ልታንጎራጉርለት እንደሆነ ሰምተዋል።

«ብንከለክላት ወሬ ይሆናል» አሉት፤ «መሣሪያ ቢበላሽ ግን የማንም ጥፋት አይደለም። እዚያ ስትደርስ ድምፁን ዝጋው፤ አለዚያ ሱቅህን አሽገዋለሁ።»

ሱቁ የቆመው በፊታውራሪው መሬት ላይ ነበርና ገሪማ ቁጣውን ዋጠ። ጥሩብርሃን ውዳሴውን ስታዜም ድምፅዋ እስከ ገበያው ዳር ተሰማ፤ «ወንድሜ» ስትል ጣቱ የድምፁን ማዞሪያ ወደ ኋላ መለሰ። ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረገች፤ ጮኸችም፤ የሕዝቡ ጉርምርምታ ዋጣት። ከመድረክ ወርዳም ወደ ገሪማ መጣች።

«አይዞዎት ጋሽ ገሪማ፤ ዕቃ ነው፤ ይበላሻል» አለችው።

ይህ ማጽናናት ከስድብ ይልቅ አንገበገበው። ፊታውራሪው ወጥተው ስለ ታማኝነት መናገር ሲጀምሩ፣ መልሶ ከፍቶት የነበረውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ዘጋው። እጃቸው ይወራጫል፤ አፋቸው ይከፈታል፤ ቃል ግን የለም፤ ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ዓይናቸው ደም ለብሶ ሲዞሩበት ገሪማ ብድግ ብሎ፣ «መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ጌታዬ፤ የማንም ጥፋት አይደለም» አላቸው።

ሱቁ ዕለቱኑ ታሸገ፤ እሱም ሦስት ወር ታሰረ። ሲፈታ በቀጥታ ዱመርሶ ሄደ፤ ቡና በማስጫው አልጋ ላይ ስትበትን አግኝቷት ያደረገውን አንድም ሳይደብቅ ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው፤ ተቀመጥ አላለችውም፤ አንቱታውንም ተወች።

«የእሳቸውን አፍ ዘጋህ፤ ደግ አደረግህ። የወንድሜን ስም ግን ማን ሰማው?»

ይህን ብላ ወደ ቡናዋ ዞረች።

ከዲላ ለበላይ ባለሥልጣን የተላከው ወረቀት በዓሉ በደማቅ ሥነ ሥርዓት እንደ ተፈጸመ፣ የድምፅ ማጉያውም ሁለት ጊዜ እንደ ታወከ ይናገራል፤ የፊታውራሪው ማዕረግ ሙሉ በሙሉ ሰፍሯል፤ ባልቻ የሚል ስም ግን ከላይ እስከ ታች ቢፈለግ አይገኝበትም።