ውሸታምን የሚነዝረው ጨዋታ

ዩሱፍ የወደቀው ሰኞ ማታ ነው፤ የመግሪብ ሶላት ሰግዶ ተመልሶ፣ እጁን ጨዋታው ላይ እንዳደረገ። ሆስፒታል ሳይደርስ ባጃጅ ውስጥ ነፍሱ ወጣች። ማክሰኞ ሲነጋ ከሚሴ ውስጥ ያንን ጨዋታ የሚነካ ሰው ጠፋ።

ኢንስፔክተር አመልማል ማስረሻ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጁስ ቤቱ ስትደርስ፣ ጠብቅ የተባለው ፖሊስ በረንዳው ላይ ቆሟል። ግባ ቢባልም አልገባም። ጨዋታው ጓዳው ጠረጴዛ ላይ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተደፍቶበታል። ሳፋው ላይ ደግሞ ድንጋይ ተጭኗል።

«ድንጋዩ ምን ያደርጋል?» አለች አመልማል።

«ይሳቁብኝ» አለች የቤቱ ባለቤት አዲስዓለም። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባለች። «ሌሊቱን ሙሉ ዳዊት ስደግም ነው ያደርኩት። ከእሱ ቀጥሎ ተራው የኔ ነበር፣ ኢንስፔክተር። የኔ ነበር።»

ጨዋታው ሰልባጅ ነው። ሙህዲን የሚባል ነጋዴ ከቦንዳ ልብስ ጋር ያመጣው፣ ፈረንጆች ድግስ ላይ ተሰብስበው የሚጫወቱት። ሰሌዳ አለው፤ ጥያቄ የተጻፈባቸው ካርዶች አሉት፤ መሐሉ ላይ የእጅ ቅርጽ ያለው ጥቁር መዳፍ አለው። ባለ ተራው እጁን መዳፉ ላይ አድርጎ ለጥያቄው ይመልሳል። ቀይ መብራት ይበራል። የዋሸ እንደሆነ ይነዝረዋል ይባላል። አዲስዓለም ወጣቱን ይስብልኛል ብላ ልትገዛው አስባ ነበር። ይገዛል ወይስ አይገዛም የሚለውን ለማየት ነው ሰኞ አመሻሽ ለሙከራ የተቀመጡት። አራት ነበሩ፤ እሷ፣ ሻጩ ሙህዲን፣ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ዩሱፍ፣ እና የዩሱፍ ሚስት ወንድም፣ የሚኒባስ ሹፌሩ ሰልማን።

«እንሞክረው ያለው ማነው?»

«ሰልማን። ሙህዲን ሱቅ ስለ ጨዋታው ሲወራ ሰምቶ፣ 'ሳትሞክሪ እንዳትገዢ፣ ዩሱፍን ይዤልሽ እመጣለሁ' አለኝ። መጀመሪያም እጁን ያደረገ እሱ ነው። ካርዱ 'ሚስትህን ትፈራለህ?' ይላል። 'አልፈራም' አለና ብድግ ብሎ 'ነዘረኝ' አለ። በሳቅ ሞትን። ከዚያ አዛን ተባለ። ወንዶቹ መስጊድ ደርሰው ተመለሱ። ዩሱፍ ተራው ሆነ። 'ለማንም ያልተናገርከው ነገር አለ?' ይላል የሱ። ብዙ አሰበ። 'አለ፤ ነገ እናገረዋለሁ' አለ።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ወዲያው ላብ አጠመቀው። ምራቁ ይዝረበረባል፤ እጁ መዳፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። እኛ ጨዋታው የያዘው መስሎን... የደረሰለት የለም። ፈራን።»

አመልማል ጠረጴዛውን ተመለከተች። ሦስት ብርጭቆዎች ባዶ ናቸው። አንደኛው ሻይ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ይሄ የማነው?»

«የዩሱፍ። ከአዛን በፊት ነው የቀዳሁላቸው። ሲጠጣ ግን አይቻለሁ፤ እያነሳ ከንፈሩ ላይ ያደርገው ነበር።»

አመልማል ጎንበስ አለች። ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር እንደተኛ ነው፤ አልተማሰለም። እናቷ ትዝ አሏት። ነፍሳቸውን ይማርና፣ የራሳቸውን ጾም ሲይዙ ሰው ቤት የቀረበላቸውን እንዲሁ አንስተው ያስቀምጡ ነበር።

ይህን ለአዲስዓለም አልነገረቻትም። ሐኪሙ በስልክ ያላትንም አልነገረቻትም። ሐኪሙ «ኤሌክትሪክ አይደለም፤ የዓይኑ ብሌን ጠቦ ነጥብ አክሏል። የማሳ ተባይ መግደያ መድኃኒት ነው፤ በአፉ የገባ» ብሏታል። ከዩሱፍ ኮት ኪስ የወጣውን ዕቃም ዘርዝሮላታል፤ ሜትር፣ መቁጠሪያ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ቴምሮች።

ሙህዲን ፖሊስ ጣቢያ ነበር። የታሰረው ተጠርጥሮም ነው፣ እንዳይገደልም ነው። ሱቁ በር ላይ ሰዎች ጋዝ በጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ሽማግሌዎች እስከ ቀብሩ፣ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ታገሱ ብለው ነው ያቆሟቸው።

«አካም ቡልተ፣ ሙህዲን? እንዴት አደርክ?»

«ምን አድሬ። ሱቄን ሊያነዱት ነው አሉ። ልጄ ኢልሃም እዚያው ሱቅ ጀርባ ነው ያለች።»

«እኔ ጥበቃ ልኬያለሁ። አንድ ነገር ንገረኝ። ጨዋታው ይሠራል?»

ሙህዲን መሬት መሬት አየ። «መብራቱ ይበራል።»

«ስለ መብራቱ አልጠየቅሁህም።»

«ካርዱም አልጎደለ። ኢልሃም ነች ሁሉንም በአማርኛ የጻፈችበት። ደሞ እኔ ሞክራችሁ ግዙ ነው ያልኩ።»

አመልማል ትንሽ አየችው። ሰውየው የተጠየቀውን ትቶ ሌላውን ሁሉ ይመልሳል። ሞት እየፈራ ደግሞ ሌላ የሚፈራው ነገር አለ።

ለቅሶ ቤት ስትደርስ ሰልማን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀበላት። ቀኝ እጁን በሻሽ ጠቅልሏል።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ኢንስፔክተር? ያ የሸይጧን ዕቃ ነው የገደለው። ይቃጠል፤ ያመጣውም ሰው ከዚህ አገር ይውጣ። የበላው ነገር ነው ብላችሁ ሬሳውን እንዳታቆዩብን። ከንጋት ጀምሮ በአፉ የዞረ ነገር የለም፣ ወላሂ። እኔንም ነዝሮኛል፤ እጄ እስካሁን እንደደነዘዘ ነው።»

«አላህ ያጽናህ» አለችና ወደ ውስጥ አለፈች።

የዩሱፍ ሚስት መሊካ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አመልማል አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አብራት አለቀሰች፤ ከዚያ ጠየቀቻት።

«ትናንት ጾም ይዞ ነበር?»

መሊካ ቀና አለች። «ማን ነገረሽ? ሰኞና ሐሙስ ይጾማል። ለሰው አይናገርም፤ ከአላህ ጋር ያለኝ ነገር ነው ይላል። እኔም ሌሊት የሚበላውን ሱሁር ስለማበስልለት ነው የማውቀው። ሁለት ዓመት ሆነው። አንድ የከበደው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

«በምን ነው የሚያፈጥረው?»

«በሦስት ቴምር። ከቤት ይዞ ይወጣል። ትናንት ግን አልቆብን በውሃ አፍጥር ብዬው ነው የሄደው።»

አመልማል ከድንኳኑ ወጥታ ሐኪሙ ጋ ደወለች፤ ሁለቱን ቴምሮች እንዲከፍታቸው ጠየቀችው።

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጁስ ቤቱ ጓዳ ሰበሰበቻቸው። አዲስዓለም በሩን ይዛ ቆመች። ሙህዲን ሁለት ፖሊሶች መሐል ነው። ሰልማን መስኮቱ ሥር፣ መሊካ ወንበር ላይ። ከውጭ የሰው ጫጫታ እየቀረበ ይመጣል። ሙህዲን ወደ ጁስ ቤቱ መወሰዱን ሰምተው ተከትለዋል።

አመልማል ድንጋዩን አወረደች። ሳፋውን ስታነሳ ሁሉም ወደ ኋላ አሉ፤ ፖሊሶቹም ጭምር። መዳፏን ጥቁሩ መዳፍ ላይ አሳረፈች። ቀይ መብራቱ በራ። አዲስዓለም ዓይኗን ጨፍና በስመ አብ አለች።

«እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ» አለች አመልማል። የሁለት ጎረምሶች እናት ነች። እጇም እዚያው ነው። «ይሄው ዋሸሁ። ሰልማን፣ አንተን ትናንት እንዴት ነበር የነዘረህ?»

«እስከ ክንዴ ድረስ።»

«ሙህዲን፣ ዱጋ ዱባዱ። እውነቱን ተናገር። ይሄ ዕቃ ይሠራል?»

ሙህዲን መጀመሪያ መሊካን አየ፣ ቀጥሎ በሩን። «አይሠራም» አለ። «መንዘሪያ ሽቦው ተበጥሶ ነው የመጣ። ኮምቦልቻ ያለ ጠጋኝ ሁለት ጊዜ ሞክሮት አልሆነለት። መብራቱ ብቻ ነው ያለ። ሰልማን ነዘረኝ ሲል እኔ ራሴ ገርሞኝ ነበር። በምን ተአምር ተጠገነ ብዬ።»

«እና ስትታሰር ለምን አልተናገርክም?»

«ሃያ ዓመት ሰልባጅ ስሸጥ ዕቃዬ አይሠራም ብዬ አላውቅማ። ከአፌ አልወጣ አለ።»

አንዱ ፖሊስ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«እንግዲህ ጨዋታው ማንንም አልነዘረም» አለች አመልማል። «የዩሱፍ እጅ የተንቀጠቀጠው ውስጡ በገባው መርዝ ነው። የማሳ መድኃኒት ነው ብሏል ሐኪሙ። ታዲያ በምን በኩል ገባ? ሻዩን አልቀመሰም፤ ስኳሩ እንኳን አልተማሰለም። ጾመኛ ነበር፤ ጾሙን ግን ይደብቃል። ስለዚህ አፉ የተከፈተው አዛን ሲባል፣ ወደ መስጊድ ሲሄድ ነው። ኪሱ ውስጥ ሁለት ቴምር ተገኝቷል። አንዷን በልቷል ማለት ነው። ሐኪሙ ሁለቱን ሲከፍታቸው ፍሬያቸው ወጥቶ ሌላ ነገር ተሞልተዋል። ከቤት ያመጣቸው ደግሞ አይደሉም፤ ቤት አልቆ ነበር።»

አመልማል እጇን ከመዳፉ አንስታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ቴምሩን የሰጠው ሰው ሦስት ነገር ያውቃል። ዩሱፍ እንደሚጾም፣ በሦስት ቴምር እንደሚያፈጥር፣ ትናንት ቴምር እንዳለቀበት። አዲስዓለም ሻይ የቀዳችለት ጾሙን ስለማታውቅ ነው፤ ሲጠጣ አየሁት ብላ ትምላለች። ሙህዲንም አያውቅም። አንተ ግን፣ ሰልማን፣ ከንጋት ጀምሮ በአፉ የዞረ ነገር የለም አልከኝ። ሻይ ከንፈሩ ላይ ሲያደርግ ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ እያየህ። አልጠጣም ብለህ እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?»

ሰልማን አፉን ከፈተ። ከሱ በፊት የተናገረችው መሊካ ነች። ድምጿ በጣም ቀጭን ነበር።

«ትናንት ጠዋት ደውለህ 'ዩሱፍ ዛሬም ጾመኛ ነው?' አልከኝ። ቴምር አልቆብኛል፣ ከጨፋ ሮቢት ስትመለስ አምጣልኝ አልኩህ።» እያየችው ተነሳች። «እኔ ነኝ የነገርኩህ። ወንድሜ፣ እኔ ነኝ?»

«መሊካ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም።» ሰልማን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሻሹ ከእጁ ተፈታ፤ ሥሩ ጭረት እንኳን የለም። «የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የጨፋ መንገድ ላይ፣ ማሽላ የተሸከመች ልጅ በመኪና ገጨሁ። አላቆምኩም። ዩሱፍ ጎኔ ነበር። ሁለት ዓመት ዝም አለልኝ። ባለፈው ሳምንት መጥቶ 'ማክሰኞ አባቷ ቤት ሄጄ እናገራለሁ፤ አብረኸኝ ብትመጣ ይሻላል' አለኝ። ለመነኝ። አቦ፣ እየለመነኝ ነው እኔ ቴምሩን...»

«ፈርተህ ነው» አለች አመልማል። «ሰው ሁሉ ጨዋታውን እንዲፈራ ያደረግኸው የአንተን ፍርሃት እንዳያዩብህ ነው።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። መሊካ አልጮኸችም። አዲስዓለም አቀፈቻት፤ ሁለቱም ቆመው ቀሩ።

ከውጭ አንድ ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች የሰሙት ነገር የለም። ጀሪካኑም አብሯቸው መጥቷል። «ሙህዲንን አውጡልን» ይላል አንዱ። «ዕቃውንም።»

«እኔ ልንገራቸው» አለች አመልማል።

«ቢነግሯቸውም አያምኑም። እኔም ካላየሁ አላምንም ነበር።» አዲስዓለም መሊካን አስቀምጣ ወደ ጠረጴዛው መጣች። «ሙህዲን፣ ገዝቼዋለሁ።»

«አይሠራም እኮ፣ እትዬ» አለ ሙህዲን። ሁለተኛ ጊዜው ነው፤ እንደ መጀመሪያው አልከበደውም።

«ሰምቻለሁ።»

ሰሌዳውን አቅፋ በረንዳው ላይ ወጣች። ሰዉ እንደ ውሃ ተከፈለ። ከፊት የነበሩት የኋለኞቹን እየረገጡ ሸሹ። ደረጃው ላይ አስቀመጠችው፣ ተንበረከከች፣ እጇን ጥቁሩ መዳፍ ላይ ዘረጋች። ቀዩ መብራት በራ።

«ጠይቁኝ» አለች።

ከመሐል አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ «ትፈሪያለሽ፣ አዲስዓለም?» አለቻት።

«በጣም» አለች። «በጣም እፈራለሁ።»

እጇን አላነሳችም። ባለ ጀሪካኑ ሰውዬ ቆሞ ጣቶቿን ተመለከተ። ከዚያ ጀሪካኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና፣ ለዙሁርና ለቀብሩ ሰዓቱ መድረሱን ሊያዳምጥ ወደ ሚናራው ቀና አለ።