ያላየሁት መብረቅ

ኔዳና ክሬሾ የተገናኙት በጭቅጭቅ ነው። ቤታችን ከደሴቲቱ ወደብ ከኮሚዣ በላይ ስለሆነ ታች የሚወራ ሁሉ ወደ መስኮቴ ይወጣል፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

በጋው ገና መግባቱ ነበር። አንድ ረጅም ወጣት፣ መርከቡ አንገላቶት ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ከባድ ሣጥን ታቅፎ ኔዳ ጀልባ አጠገብ ቆመ። ኔዳ የልጅ ልጄ ናት። እናትና አባቷ ለሥራ ጀርመን ከሄዱ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በአያቷ፣ በባሌ ጀልባ ቱሪስቶችን ወደ ቢሼቮ ደሴት ዋሻ ታመላልሳለች።

«ቢሼቮ ትወስጂኛለሽ? ይህን ቋጥኙ ላይ መትከል አለብኝ» አላት።

«ምንድን ነው?»

«መብረቅ ይቆጥራል።»

«ቆጥሮስ?»

«ለእኔ ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ለእናንተ። የአየር ትንበያ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ስፕሊት ከተማ።»

ኔዳ ገመዱን እንደያዘች ቀና አለች። «አንተ ነህ? ‹አልፎ አልፎ ነጎድጓድ ሊኖር ይችላል› እያልክ በየቀኑ የምትጽፈው? አምና ስንት ቱሪስት እንዳባረርክብኝ ታውቃለህ?»

«ሊኖር ይችላል አልኩ እንጂ ይኖራል አላልኩም።»

«በዚህ አነጋገርማ እኔም ነገ ንግሥት ልሆን እችላለሁ!»

እሱ አልሳቀም። አሰበበት። «ዕድሉ ትንሽ ነው» አላት፤ «ግን ዜሮ አይደለም።»

የሳቀችው እሷ ናት። ያን ሳቋን አውቀዋለሁ።

ልጁ ከተራራው ማዶ፣ ከሜዳው አገር የመጣ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ ደሴተኞች ቭላይ እንለዋለን፤ ለሙገሳ አይደለም። ባሕርን ካደገ በኋላ ያየ ሰው ስለ ባሕር ሊነግረን!

ሲመለሱ ቤት ይዛው መጣች። በሰርዲንና በሽንኩርት የተሞላ ዳቦ ነበረኝ፤ ቆረስኩለት። እሱ ግን ዓይኑ ከዳቦው ይልቅ መስኮቴ ላይ ነበር።

«ኖና፣ ከዚህ እስከ የት ይታያል?»

«ሰማዩ ከጠራ እስከ ጣልያን። ለመሆኑ ኖና እንድትለኝ ማን ፈቀደልህ?»

ደነገጠ። «ይቅርታ። ምን ልበልዎት?»

«ኖና በለኝ» አልኩት። አያትን ሌላ ምን ይሏታል?

ጥያቄው ማለቂያ የለውም። ኔቬራ፣ ያ ድንገት ከምዕራብ የሚወርድብን የበጋ ነጎድጓድ፣ ከመምጣቱ በፊት ባሕሩ ምን ምን ይላል? የባሕር ወፎቹ ወዴት ይሸሻሉ? መጀመሪያ የሚጨልመው ከየት በኩል ነው? ሁሉንም በደብተር ይጽፋል።

«ይህን ሁሉ ማወቅ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ባሕሩ ሞቃት ነው፤ ከላይ ቀዝቃዛ አየር ይመጣበታል። እዚህ ድረስ እናውቃለን። ግን ዛሬ እዚህ የፈነዳው ነገ እዚያ የሚፈነዳው ለምንድን ነው? አላውቅም። አለማወቄ ምግብ አያስበላኝም።»

እውነትም ዳቦው እንደተቆረሰ ነበር። ኔዳ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ታየዋለች። እንዲህ አተኩራ ባሕሩን እንኳ አይታው አታውቅም።

ያን ቀን የሰማይ ተመልካች አደረገኝ። ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ይደውላል፤ ያየሁትን እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ከእኔ ጋር ሁለት ደቂቃ ያወራ ነበር። ሐምሌ ላይ ከእኔ ጋር ሁለት ደቂቃ፣ ከኔዳ ጋር አንድ ሰዓት ሆነ።

«ምን ይመስላል?» ይላታል።

«የአበባ ጎመን። ትልቅ።»

«ጫፉ ስል ነው ወይስ ደብዛዛ?»

«ስል ነው። ቆይ… አሁን ደበዘዘ!»

«ደበዘዘ ማለት ጫፉ በረዶ ሆነ ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጮኻል፣ ኔዳ።»

በሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ጮኸ። ልጅቷ ስልኩን እንደያዘች ዘለለች። በነጎድጓድ እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። በስልክ ዝም ይባላል እንዴ? እነሱ ይላሉ፤ ረጅም ነበር፣ ማንኛቸውም አልዘጉም።

የእረፍት ቀኑ ሲሆን በመርከብ ይመጣል፤ ሲወርድ ፊቱ አረንጓዴ ነው። የወደቡ ሰዎች «ቭላዩ መጣ፣ ባልዲ አቅርቡለት!» ይሉታል። እሱ ደግሞ ሆዱን ይዞም ቢሆን ቀና ብሎ ደመና ያያል። ከዚያ እሷን ያያል። ከዚያ ደመናውን ይረሳል።

እኔስ? ባሌ ሉካ ነሐሴ ውስጥ በጠራ ቀን ወጥቶ ኔቬራ ያዘው። ጀልባዋ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። ኔዳ የምትነዳው እሷኑ ነው። ስለዚህ ስፈራ ማንም ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የክሬሾ እናት ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ወደ ሁቫር ደሴት ለሦስት ቀን መጡ። በመጨረሻው ቀን ኔዳን ሊያዩ ተቀጣጠሩ። ከእኛ ወደ ሁቫር በዚያ ቀን የሚሄድ መርከብ ስላልነበረ ኔዳ በራሷ ጀልባ ልትሄድ፣ እሱም ከሥራ ወጥቶ ከስፕሊት ሊደርስባቸው ተስማሙ። ሰማያዊ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው።

ቀትር ላይ ስልኩ ጠራ። «ኖና፣ የቢሼቮው መሣሪያ ከትናንት ጀምሮ ምንም አይልክልኝም። ዛሬ ያለኝ የእርስዎ ዓይን ብቻ ነው። ምን ያያሉ?»

ከቢሼቮ ኋላ ሁለት ነጫጭ ደመናዎች ነበሩ፤ እንደ ጠቦት ትንንሾች።

«ጥቁር ነው» አልኩት። «ከሥር እስከ አናቱ ጥቁር። መብረቅም አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ… ሦስት ጊዜ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እዚህ መስኮት ላይ ስንት ዓመት የተቀመጥኩ ይመስልሃል?»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማስጠንቀቂያው ወጣ። የወደቡ ሹም ትንንሽ ጀልባዎችን በሙሉ አገደ። ኔዳ በተተኮሰ ቀሚሷ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ ሰማዩ እስኪመሽ እንደታጠበ ብርጭቆ ነበር። እናቱ ሳያዩዋት አገራቸው ገቡ።

«መሀረብ የምታህል ደመና የለችም!» ስትለው ሰማሁ። «እናትህ እንዲያዩኝ ካልፈለግህ በአፍህ አትነግረኝም ነበር?… ተሳሳትኩ? ተሳሳትኩ ብቻ? ሌላ የምትለው የለህም?»

ዘጋችበት። እኔ ንጹሕ ድስት እየፈተግሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲጠራ ኔዳ ከቤት ትወጣለች። እኔ ስለ ደመና እነግረዋለሁ፣ እሱ ያመሰግናል፤ ሁለታችንም ሌላ ነገር አናነሳም። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሄደ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ «ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው ይደውልልዎታል» አለኝ። «የባሕር ማስጠንቀቂያ እንዳልጽፍ ተወስኗል።»

«ለምን?»

«በዚያ ቀን በከንቱ ስንት ጀልባ ታሰረ። አለቃዬ ከየት አመጣኸው አለኝ። ተሳሳትኩ አልኩት።»

«የእኔን ስም…»

«አልጠራሁም። መሣሪያውን ትናንት ጠግነን መጣን። መላኩን እንጂ መቁጠሩን አላቋረጠም ነበር። በዚያ ቀን አንድም መብረቅ አልቆጠረም፣ ኖና።»

ስድብ ጠበቅሁ።

«ልቆጣዎት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈልጌ ነው። ምን ፈርተው ነው?»

ኔቬራ ከየት እንደሚነሳ ሲጠይቀኝ በነበረበት ድምፅ ነው የጠየቀኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ኔዳ ለምሳ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቅኋት። «ተቀመጪ።»

«ምን ሆንሽ? የደም ግፊትሽ ነው?»

«መብረቅ አላየሁም።»

«የምን መብረቅ?»

«ሁቫር ልትሄጂ በነበረበት ቀን። ጥቁር ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ለአለቃውም ላንቺም ስሜን አልጠራም። አሁን ከባሕሩ ሥራ አንስተውታል።»

«አያቴን የበላውን ባሕር ፈርተሽ ነው» አለች። የማምለጫ በር ከፈተችልኝ፤ በዚያ ሾልኬ መውጣት እችል ነበር።

«አይደለም» አልኳት። «አትደርሺም ብዬ አይደለም የፈራሁት። ትደርሻለሽ ብዬ ነው። እናቱ ይወዱሻል፣ ወደ ሜዳው አገር ይወስዱሻል፣ እኔ እዚህ ከመስኮቱ ጋር እቀራለሁ ብዬ ነው።»

«እኔ የት እንደምኖር ገና አላውቅም!» ጮኸችብኝ። በሕይወቷ ጮኻብኝ አታውቅም። «እኔ የማላውቀውን አንቺ ተንብየሽ ጨረስሽ!»

የጀልባዋን ቁልፍ ከሚስማሩ አነሳች።

«ወዴት ነው? የስፕሊት መርከብ እኮ ነገ ጠዋት ነው!»

«እኔ የምሄደው ዛሬ ነው።» ደፉ ላይ ቆመች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ሰማዩ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ራሷ ማየት ትችል ነበር። እኔን ጠየቀች።

አየሁ። በምዕራብ እውነተኛው ቆሟል፤ ያበጠ፣ ከሥሩ የጠቆረ። መላ አካሌ ‹ቅርብ ነው፣ ቅሪ› በይ አለኝ። ያላየሁትን ግን ሁለተኛ ልናገር አልችልም።

«አንድ አለ። ሩቅ ነው፣ በጣልያን በኩል። ጫፉ ገና ስል ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አይደርስም። አንቺ አሁን ከወጣሽ ከአሥር በፊት ትሻገሪያለሽ።» እያንዳንዱ ቃል እንደ ጥርስ ተነቅሎ ወጣ።

ዞራ አየችኝ። «እሺ፣ ኖና» አለችና ወረደች።

እኔ ወደ ቢሮው ደወልኩ። «አለቃውን አገናኙኝ። የዚያን ቀን ውሸታም እኔ ነኝ። ፔሪና እባላለሁ፤ ስሜን ጻፉት፣ ልጁን ወደ ሥራው መልሱት።» ሰውየው ገና «እሜቴ፣ ምን ማለትዎ…» ሲል የዛሬውን ደመና ነገር ጨምሬ ነገርኩት።

ከዚያ ጠበቅሁ። አሥር ሰዓት ላይ ጫፉ ደበዘዘ፤ ስልኩ ዝም። አሥር ተኩል፣ ዝም። የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠርቼ ጨረስኩ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ቢሼቮ ላይ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲጮህ ነው ስልኩ የጠራው።

«ኖና» አለኝ፤ «እዚህ ናት።»

«ረጥባለች?»

«ጠብታ አልነካትም። ከደረሰች ቆይታለች፤ እኛ… መደወሉን ረሳነው።»

«ረሳነው! እኔ እዚህ ነፍሴ ልትወጣ! ሹራብ አልያዘችም እኮ፤ ነፋሱ ሲዞር ይበርዳታል። ያንተን ስጣት።»

«ለብሳዋለች።» በስተኋላው የኔዳ ሳቅ ተሰማኝ። እሱ ትንሽ ታገሠ፣ ከዚያ አላስቻለውም። «ኖና፣ እዚያ እንዴት ነው? ከየት በኩል ጀመረ?»

«ዛሬ ሰማዩን ተወውና አጠገብህ ያለችውን እያት!» ብዬ ዘጋሁበት።

ሠርጋቸው በመጪው መስከረም ነው። የት እንደሚኖሩ ገና አልወሰኑም። እኔም እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም፤ በየቀኑ አፌ ላይ እየመጣ እመልሰዋለሁ።