የማታ ታካሚዎች ዓምድ

ክሊኒኮች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅዳቸውን በኤክሴል ሞልተው ወደ ጤና ፕሮግራሙ ቢሮ ይልካሉ። እዚያ የመረጃ ባለሙያ የሆነችው ወጣት ደግሞ አር በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠራ፣ ፓኬጅ የሚሉትን ፕሮግራም ትከፍትና ፋይሎቹን ታስነብበዋለች፤ እሱም የተዝረከረከውን ሁሉ ለቃቅሞ አንድ ወጥ ሰንጠረዥ ያደርግላታል። እናቷ የሰው ቁጥር ስታስተካክል የራሷን ዕድሜ ረሳች እያሉ ያሾፉባታል።

ዳገት ላይ ያለው የአንዱ ክሊኒክ ነርስ ባይኖር ኖሮ ሥራዋ አልጋ በአልጋ ነበር። ሰውየው የሰንጠረዡን ሁለት ሳጥን አጣምሮ አንድ ያደርጋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ቁጥር በሚገባበት ቦታ «በግምት» ብሎ ይጽፋል። ደውላ ትቆጣዋለች፤ በለዘበ ድምፅ ይቅርታ ይጠይቅና በማግስቱ ያንኑ ይደግማል። በ«እርስዎ» የተጀመረው ወሬ ሳይታወቃቸው ወደ «አንቺ»ና «አንተ» ወረደ። እየቆየም ፋይሉ ደህና ሆኖ ሲመጣ ቅር ይላት ጀመር፤ መደወያ ሰበብ ታጣለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ራሱ መጣ። ረጅም፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። ገና ሰላም ሲላት በድምፁ አወቀችውና ልቧ ድንግጥ አለ። የእሱ ፊት ግን ጠቁሮ ነበር፤ የተጠናቀቀው ሰንጠረዥ ደርሶት የክሊኒኩ ቁጥር ጎድሎ አግኝቶታል።

«ከፋብሪካ ወጥተው ማታ የሚመጡትን ሴቶች የት ጣልሻቸው?»

ለእነሱ ብሎ ለብቻ አንድ ዓምድ ጨምሮላቸው ነበር። ፓኬጁ የማያውቀውን ዓምድ ድምፁን አጥፍቶ እንደሚጥል ያኔ ገባት። ሰንጠረዡ ግን መድኃኒት ወደሚመድበው የበላይ መሥሪያ ቤት ሄዷል፤ እንዲሁ ከቀረ ለማታ ታካሚዎች መድኃኒት አይመደብም። ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መልሳ የእሱን ፋይል ትፈልግ ጀመር። እሱ ፊቷን ማዞሯን ንቀት አድርጎ ቆጠረውና ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ወጣ።

አለቃዋ የተላከ ተልኳል፣ አሁን ብንነካካው ትዝብት ነው አሉ። እሷ ግን ስህተቱን በስሜ እጽፋለሁ ብላ ሙጭጭ አለች፤ በመጨረሻ ተረቱላት። ከዚያ ፓኬጁ የማያውቀው ዓምድ ሲገጥመው ቆሞ እንዲጠይቃት አድርጋ ፋይሎቹን እንደገና አስነበበችው። ሌሎች ክሊኒኮችም የተጣለ ሰው ነበራቸው። የታረመው ሰንጠረዥ ተቀባይነት ባገኘ ዕለት ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችና ዳገቱን ወጣች።

የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር የሥራ ልብሳቸውን ባላወለቁ ሴቶች ሞልቷል። ነርሱ በር ላይ ብቅ ሲል አያትና ባለበት ቀረ።

«ሁሉም ተመልሰዋል፤ አንዷም አልቀረችም» አለችው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ሳጥን ማጣመር እንደሌለብኝ የተረዳሁት መጀመሪያ የደወልሽልኝ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያጣመርኩት እንድትደውዪልኝ ብዬ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። ከሴቶቹ መካከል በዕድሜ ገፋ ያሉት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት፤ ልጄ ተቀመጪ፣ እሱ እንደሆነ ሳይጨርስ አይወጣም አሏት። ተቀመጠች።

የመጨረሻዋ ታካሚ ስትሄድ በሩን ቆልፎ አብረው ወረዱ። በዓመቱ ተጋቡ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ቁልቁለት ብቻውን ወርዶ አያውቅም።